ሳጂዳ እርከኑ ላይ

የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምባሰል

ለወንድሜ ለሙዓዝ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳኑ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሳጂዳን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቀቃት። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ።

በስልክ ላወራህ ብሞክር ሰላምታውን ሳንጨርስ እየተቋረጠ አስቸገረኝ። ስለዚህ እንደ አባባ ጊዜ በወረቀት ጻፍኩልህ። ደሴ ላለችው ለአክስታችን ልጅ ለመስኡዳ እልከዋለሁ። እሷ ፎቶ አንስታ ታደርስልሃለች፤ ያንተንም አሳትማ በመኪና ትሰድልኛለች። መንገዱ ሲዘጋ ይዘገያል፣ ሲከፈት ይደርሳል።

የጻፍኩበት ጉዳይ ልጄ ሳጂዳ ከቀጥታ ድጋፉ መውጣቷ ነው። እንደምታውቀው ድጋፉ መንግሥት መሥራት ለማይችል ሰው ያለ ሥራ የሚሰጠው ነው፤ ለሸመገለ፣ ለታመመ፣ እንደ እሷ አንገቷን እንኳ ማቆም ላልቻለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ የኖርነው በድጋፉና አንተ በምትልከው ነው። ዘንድሮ የቀበሌያችን ኮሚቴ ሰውን እንደገና ለየ። ቤት ውስጥ ጤነኛ ጎልማሳ ካለ ቤቱ መሥራት ይችላል ተባለ። ጤነኛዋ እኔ ነኝ። ተራራው ላይ ወጥቼ እርከን ካልሠራሁ ድጋፉ ቀረ ማለት ነው።

በስብሰባው ላይ ተነስቼ፣ «እኔ ድንጋይ ስሸከም ሳጂዳን ማን ይይዛታል?» ብዬ ጠየቅኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዝናው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ፣ «መመሪያው ስለሱ የሚለው የለም» አለኝ።

ገንዘብ ላክልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። የምትልከው ቀነስ ማለቱን አይቻለሁ፤ ምክንያት ይኖርሃል። የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው። እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰዉ እንዴት ነው የሚከራከረው? የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅልኝ። እኛ እዚህ ወዴት እንደምንጮህ አናውቅም።

አንተስ ደህና ነህ?

እህትህ አሚናት


መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሼፊልድ

ለእታለሜ ለአሚናት፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል፣ ለከርሞ በደህና ያድርሳችሁ። ሳጂዳን ግንባሯን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ ቶሎ ነው የደረሰኝ፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። እየጻፍኩ እቀደው ነበር።

እዚህ አገርም ዘንድሮ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ሊቀንስ ነው ተብሎ ሰዉ ታውኳል። ለእንደራሴዎቻቸው ይጽፋሉ፣ አደባባይ ይወጣሉ። ጃኔት የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ዱሮ አውቶቡስ ትነዳ የነበረች ናት፣ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። በየቅዳሜው ዝናብ እየደበደባት ትቆማለች። እስካሁን ግን ያገኘችው ነገር የለም።

የእኛ አገር ደግሞ እንደዚህ አይደለም። በዚህ ጊዜ ሰው ሰብስቦ ቢሮ ደጅ የቆመ ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እባክሽ እታለም፣ ስምሽ በሰው አፍ አይግባ። አንቺ ብትያዢ ሳጂዳ ምን ትሆናለች? ትንሽ ታገሺኝ፣ የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ። አሁን ሥራው ቀዝቀዝ ብሎብኝ ነው፤ ይስተካከላል። ስለ እኔ አብሽሪ።

ወንድምሽ ሙዓዝ


ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምባሰል

ለወንድሜ ለሙዓዝ፣

ሰላሙ፣ ጤናው፣ በረካው ካንተ አይራቅ። ምክርህ ደርሶኛል። የደረሰኝ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

መጀመሪያ እንደተባልኩት እርከን ሥራ ወጣሁ። ሳጂዳን ለጎረቤታችን ለእማማ ሙጂባ ሰጥቻት ነው የሄድኩት። ሙጂባን ታውቃታለህ፣ ጉልበት የላትም፣ ልቧ ግን ደግ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ የሙጂባ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። ሳጂዳን የሚጥላት በሽታ ተነስቶባት፣ ከፍራሹ ተንሸራታ በግድግዳውና በአልጋው መሀል ተቀርቅራለች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ሙጂባ ልታነሳት አልቻለችም። ትንፋሽ እንዳያጥራት እጇን በፊቷና በግድግዳው መሀል አስገብታ፣ መሬት ላይ ተኝታ ሰው ትጣራለች። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆየች አላውቅም። የሳጂዳ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። አቅፌ ወደ ውጭ ሳወጣት ተነፈሰች።

ማታውን ጸዳለ ልትጠይቀኝ መጣች። ጸዳለ የታች ሰፈር ጎረቤቴ ናት። ሃያ ዓመት ያለፈው፣ እንደ ሳጂዳ ሆኖ የተወለደ ፋሲካ የሚባል ልጅ አላት። እሷም እንደኔ ከድጋፉ ወጥታለች። ሥራ ስትወጣ ልጇን ምን እንደምታደርገው ጠየቅኳት። በሩን ከውጭ ቆልፋበት እንደምትሄድ ነገረችኝና አለቀሰች። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። «ከእንግዲህ ይዘናቸው ነው የምንወጣው» አልኳት።

በማግስቱ ሳጂዳን አዘልኳት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ከጉልበቴ በታች ይንጠለጠላል። ፋሲካን የጸዳለ ወንድሞች በቃሬዛ ተሸከሙት። መንገድ ላይ ያዩን፣ እንደኛ ከድጋፉ የወጡ ሌሎች እናቶችም የየራሳቸውን ልጅ ይዘው ተከተሉን። ሥራው ቦታ ስንደርስ ከወይራው ሥር ነጠላ አንጥፈን አስተኛናቸው። ከዚያ አካፋና ዶማችንን ይዘን ሥራ ጀመርን።

ዝናው መጣ። ቆሞ አያቸው። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ሥራ ውጡ አላችሁን፣ ወጣን» አልኩት።

«ልጆቹን ነው የምልሽ።»

«እነሱም የቤቱ ሰዎች ናቸው። ቤቱ መሥራት ይችላል ብላችሁ የለ?»

ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየን ጀመር። ሳጂዳ ብቻ ድንጋይ ሲወረወር ድምፁ ደስ እያላት ትስቅ ነበር። ዝናው ወደ ሥራችሁ ብሎ ፊቱን አዞረ። እኛም ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን ሁሉ ይዘናቸው እንወጣለን።

አትቆጣኝ። ቢሮ ደጅ አልቆምኩም። ሥራ ነው የወጣሁት።

እህትህ አሚናት


ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምባሰል

ሙዓዝ ወንድሜ፣

አላህ በጤና ያቆይህ። መልስ ባጣ ይህን ደገምኩልህ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ዛሬ ነው የተከፈተ፤ ያኛውም አልደረሰህ ይሆናል።

ሚሊሻዎቹ ጠርተውኝ ነበር። ሴቶቹን ማን እንደሚያሳድማቸው ጠየቁኝ። «ውጭ አገር ወንድም አለሽ አይደል? እሱ ነው የሚመክርሽ?» አሉኝ። ወንድሜ የመከረኝ ቤትሽ ተቀመጪ ብሎ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ልጄን እንዳዘልኩ ሄጄ እንዳዘልኩ ተመለስኩ። አልመቱኝም፤ እንደገና እንጠራሻለን ብለው ለቀቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲጮህ እደነግጣለሁ። እናቶቹም ፈርተዋል፤ የቀረች አለች። አንድ ቃል ጻፍልኝ። ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ።

አሚናት


ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሼፊልድ

እታለም፣

አላህ ካሰቡብሽ ክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። ልጅሽን ያቁምልሽ። ሁለቱም ደብዳቤ ባንድ ቀን ደረሰኝ። የሙጂባን ነገር አንብቤ ሳልጨርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ብቻሽን አትሂጂ። በጠሩሽ ቁጥር የሰፈር ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ፤ የእኛም ሼህ የጸዳለም ቄስ ቢኖሩ ጥሩ ነው። ዝም ብለሽ ግን አትቅሪ። ባለፈው ታገሺ ያልኩሽን ተይው። ጃኔት ስትነግረኝ፣ እዚህ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቅሬታውን ከወሰነበት በላይ ላለው በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ውጫሌ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅሬታ ሰሚ አይጠፋም፤ ጻፉና ፊርማ አሰባስቡ።

ያንቺን ነገር ለጃኔት ነገርኳት። ሳጂዳን አዝለሽ መውጣትሽን ስትሰማ፣ «አንተስ ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ቅዳሜ አብሬያት ወጣሁ። ዝናብ አልነበረም። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ከሰዉ ጋር ቆሜ ዋልኩ። ሰው ፊት መቆም እንደዚህ የሚያስፈራ አይመስለኝም ነበር።

ሌላ የምነግርሽ ነገር ይኖረኛል፤ ዛሬ ግን ደከመኝ። ደህንነትሽን ቶሎ አሰሚኝ።

ሙዓዝ


ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደሴ፣ ከመስኡዳ ቤት

ለሙዓዝ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳጂዳን ለመድኃኒቷ ይዣት መጥቼ ነው፤ ደህና ናት።

መስኡዳ የቆማችሁበትን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። አብረውህ የቆሙት ሰዎች ናቸው በኢንተርኔት ያወጡት። መጀመሪያ ያወቅኩት ግንባርህን ነው፤ የአባባ ግንባር። ቀጥሎ ብብትህ ሥር ያለውን አየሁ። ሁለት ክራንች። መስኡዳ ልታጽናናኝ ብላ፣ የሌላ ሰው ይዞለት ይሆናል አለች። ሰው የሌላ ሰው ክራንች ብብቱ ሥር ይይዛል?

ከመቼ ጀምሮ ነው? ማን ያበስልልሃል? ማን ያጥብልሃል? ሥራ ቀዝቀዝ አለ ስትለኝ ሥራ አልነበረህም ማለት ነው። እኔ ደግሞ የምትልከው ቀነሰ ብዬ ጻፍኩልህ። ያንን መስመር መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

ለእኔ ያልተነገረ ለማን ይነገራል? ያቺን ልጅ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። የታመመ ሰው አይቼ የምደነግጥ መሰለህ?

እንዳልከኝ ማመልከቻ ጽፈን ውጫሌ አስገባን፤ ለሰኔ ቀጥረውናል። ሼሁና ቄሱም ፈርመውልናል። ይህን የጻፍኩት እንድታውቅ እንጂ ወሬ ለመቀየር አይደለም። ሁሉን ጻፍልኝ።

አሚናት


ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሼፊልድ

እታለሜ፣

ሰላምና ዓፊያ ይክበብሽ። ዒዱን እንዴት ዋላችሁ? ሁሉን ጻፍ አልሺኝ፣ ልጻፍልሽ።

ካቻምና ነው። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ የተከመረ ዕቃ ተንሸራቶ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ግራ እግሬ ከዚያ ወዲህ የኔ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ እንደ ምንም እንቀሳቀሳለሁ፣ ደጅ በክራንች ነው። አበስላለሁ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ። የምኖረው መንግሥት በሚሰጠኝ ድጎማ ነው፤ እልክልሽ የነበረውም ከእሱ ቆጥቤ ነው። አሁን ሊቀንሱት የተባለው እሱኑ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄያቸው ነው። እየጠሩ ይመረምሩኛል። ሻይ ማፍላት ትችላለህ? ካልሲህን ማን ያጠልቅልሃል? እስከ በሩ ስትሄድ ስንት ጊዜ ታርፋለህ? ዕድሜዬን ሙሉ እችላለሁ ስል ኖሬ፣ አሁን የማልችለውን ስዘረዝር እውላለሁ። ከዚያ ቤት ስገባ ያንኑ የዘረዘርኩትን ሰው ሆኜ እቀራለሁ። አደባባይ መውጣት የፈራሁትም ለዚህ ነው። ቆሞ መዋል ይችላል ብለው ፎቶውን ማስረጃ ያደርጉብኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፤ የምርመራው ውጤት ገና አልመጣም።

ያልነገርኩሽ እንዳትደነግጪ ብቻ አይደለም። ላንቺ የምልክ ወንድም መሆኔ ነበር የቀረኝ። እሱን ካጣሁ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።

ጃኔት እሑድ እሑድ ትመጣለች። ብቻዬን አይደለሁም። አትዘኚ፣ አብሽሪ።

ሙዓዝ


ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምባሰል

ለወንድሜ፣ ለጓዴ ለሙዓዝ፣

አላህ ጀርባህን ያጽናው፣ ዱዓችን ይድረስህ። ሙጂባ በየሶላቷ ታነሳሃለች። አሁንም የምትልክ ወንድሜ ነህ፤ ምክር ልከህልኝ ውጫሌ ደርሻለሁ።

ባጃጁ ቃሬዛውን አይቶ እምቢ ስላለን በሚኒባስ ሄድን። ጸዳለና ፋሲካ፣ እኔና ሳጂዳ፣ ሌሎቹም እናቶች። ቅሬታ የምትሰማው ወጣት ሴት ናት። ማመልከቻውን ስታነብ ቆየችና፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ታደርጊላታለሽ?» አለችኝ። የሳጂዳ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። «እንዳላስርባት፣ እያበላኋት ልንገርዎ» አልኳት።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ታውቃለህ እንዴት እንደምትበላ። አንገቷን በክንዴ ይዤ፣ የላላ ገንፎ በጣቴ ጫፍ፤ እስክትውጥ መጠበቅ፣ ትን ሲላት ማስጎንበስ፣ መጥረግ፣ እንደገና። ሴትዮዋ መጀመሪያ በመሀል ትጠይቀኝ ነበር፣ ኋላ መጠየቁን ተወችው። ባለጉዳይ በሩን እየከፈተ ያይና ይመለሳል። ዝናውም እኛን ሊቃወም ተጠርቶ እዚያው ነበር። እስክጨርስ ማንም አልተነሳም። ስጨርስ ሴትዮዋ፣ «ራቷንስ?» አለች። «እንደዚሁ ነው» አልኳት።

ሳጂዳ ወደ ድጋፉ ተመለሰች ሙዓዝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚያስታምም ሰው ለሥራ አይቆጠርም ተብሎ ተጻፈልን። የሌሎቹም ልጆች ተመለሱ።

ፋሲካ ግን አልተመለሰም። ዕድሜው አልፏል፣ ከሆስፒታል ማስረጃ ይምጣ ተባለ። ከሚኒባሱ ስንወርድ ጸዳለ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝና ቃሬዛውን ተከትላ ሄደች።

ያንተ ውጤት መጣ?

እህትህ አሚናት


ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሼፊልድ

እታለም፣

አልሐምዱሊላህ። ሳጂዳን እንኳን መለሰልሽ፤ አላህ ለሴትዮዋም ደጉን ያድርግላት። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ሁለተኛውን ለጃኔት እየተረጎምኩ።

የእኔም መጣ። ባለበት ይቀጥላል ተብሏል። መንግሥትም ከተቃውሞው በኋላ አመነታ፤ ቀድሞ ለሚቀበለው አይነካም፣ ከእንግዲህ አዲስ ለሚመጣው ግን ይቀነሳል አሉ። እኔ ከቀደሙት ነኝ። ያን ቀን እንቅልፍ እንደ ልጅ ጣለኝ።

ጃኔት መጥታ፣ ቅዳሜ ለአዲሶቹ እንወጣለን አለችኝ። ጀርባዬን አሞኛል አልኳት። ጀርባዬ ከወትሮው የተለየ አልነበረም። ፍርሃቱ ስለለቀቀኝ ነው፣ መልሼ ልጠራው አልፈለግኩም።

አንቺም በቃሽ፣ አሁን ዕረፊ። የጸዳለ ነገር ያሳዝናል፤ ግን ያንቺ አልቋል፣ ሚሊሻውም ስምሽን ያውቀዋል። ከእንግዲህ ሁለታችንም በሰላም ቤታችን እንቀመጥ።

ሙዓዝ


ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምባሰል

ለወንድሜ ለሙዓዝ፣

አላህ ያስተረፈልህን ይባርክልህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። ውጤትህን ሰምቼ ሱጁድ ወርጃለሁ። የደብዳቤህን መጨረሻ ግን አልወደድኩትም።

እኔም እንዳንተ አርፌ ነበር። ከውጫሌ ስንመለስ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ሳጂዳን አጠብኳት፣ ፀሐይ አሞቅኳት። ከዚያ ጸዳለ በደጄ ታልፋለች። ፋሲካን በቃሬዛ አሸክማ ወደ እርከኑ ስትወጣ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ደህና ዋሉ» ትላለች። አንቺ ነበር የምትለኝ፤ እንደ ባዳ አንቱ ብላ ዋሉ አለችኝ። ቁጭ ብዬ ልጄን ሳበላ ያ ቃል እህሉን አመረረብኝ።

ሳጂዳን አዘልኳትና ወጣሁ። ወይራው ሥር ፋሲካ አጠገብ አስተኝቻት ተቀመጥኩ። ዝናው መጥቶ፣ «ያንቺ ተፈጽሟል እኮ። ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ።

«ልቀመጥ ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ፋሲካ ብቻውን ነው።»

ጸዳለ ከላይ ዶማዋን ይዛ ትሰማ ነበር። መቆፈሯን ቀጠለች። በማግስቱ ግን የተመለሰላቸው እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሚሊሻ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ዝናብ ነው። ልጆቹን በላስቲክ ሸፍነን ተቀመጥን። ዝናው ከዛፍ ሥር ቆሞ ሲያየን ቆይቶ ኮቱን አውልቆ ፋሲካ ላይ ጣለውና ሄደ።

የዚያን ሳምንት ኮሚቴውን ሰበሰበ። የፋሲካ የሆስፒታል ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ጸዳለ እንደ አስታማሚ ትቆጠር፣ ለሥራ አትጠራ ተባለ። ምርመራው ከክረምቱ በኋላ ደሴ ነው። መስኡዳ ታሳድራቸዋለች። ምን ብለው እንደሚጽፉ አናውቅም፣ ያሰጋናል። ግን እስከዚያ በሩ ከውጭ አይቆለፍበትም።

ጸዳለ ማታ መጣች። የሳጂዳን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ቅባት ስትቀባት አመሸች። ስትወጣ፣ «ደህና እደሪ» አለችኝ።

አዲስ የሚመጡት የተባሉት፣ አንተ ካቻምና መጋዘኑ ውስጥ እንደወደቅከው ዛሬ የሚወድቁ ናቸው። ከጃኔት ጋር ውጣ። ጀርባህ ባሰኝ ሲልህ ወንበር ይዘህ ውጣና ተቀመጥ። ቆሞ መዋል ይችላል ይሉኛል ብለህ ከፈራህም ጋደም በልላቸው። ሳጂዳ ያሸነፈችው ተኝታ ነው።

እህትህ አሚናት